ደንቡን አንድ ጊዜ ጻፉት፦ በሜታዳታ የሚመራ የመረጃ ውህደት ደረጃ በደረጃ

አንድ ባንክ እናስብ። የቁጠባና የተንቀሳቃሽ ሒሳብ መዝገቡ በኮር ባንኪንግ ሲስተም ላይ ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ የራሱ ዳታቤዝ አለው። የብድር ክፍሉ ደግሞ የመያዣና የክፍያ ክትትሉን በኤክሴል ይይዛል። የባንኩ ሥራ አመራር ቀላል የሚመስል ጥያቄ ያነሣል፦ «ከተበዳሪዎቻችን ውስጥ የሞባይል አገልግሎታችንን የሚጠቀሙት ስንት ናቸው? ቁጥሩስ ካምናው ሐምሌ ወዲህ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?» ይህን ለመመለስ በሦስት ቦታ የተበተነው መረጃ መሰብሰብ፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መስተካከልና አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ሳይጠፋ መቀመጥ አለበት። ዳታ ዌርሃውስ የሚቋቋመው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ከተጀመረ ቆይቷል። ባሪ ዴቭሊንና ፖል መርፊ በ1988 እ.ኤ.አ. በአይቢኤም የምርምር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ንድፉን አቀረቡ። ቢል ኢንመን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ዳታ ዌርሃውስ አራት ባሕርያት እንደሚያስፈልጉት አስተማረ፦ በጉዳይ የተደራጀ፣ የተዋሐደ፣ ጊዜን የሚያሳይና አንዴ የገባው የማይደመሰስበት። ከአራቱ ብዙ ጉልበት የሚበላው «የተዋሐደ» የሚለው ነው። ይህ ማብራሪያም የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው፤ ውህደቱን ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ በእጅ ከመሥራት ይልቅ ሜታዳታ እየመራው በራሱ እንዲሄድ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ችግሩን እንረዳ

መረጃን ወደ ዳታ ዌርሃውስ ማስገባት ሦስት ተግባር አለው፦ ከምንጩ ማውጣት፣ ማስተካከልና መጫን። ብዙ ጊዜ አንድ ባለሙያ ለአንድ ሰንጠረዥ አንድ ፕሮግራም ይጽፋል። አሥር ሰንጠረዥ እስኪሆን ድረስ ችግር የለም። ሁለት መቶ ሲደርስ ግን ሁለት መቶ ፕሮግራም ይኖራል፤ ሁሉም የሚሠሩትም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ከምንጩ ጋር ይገናኛሉ፣ ያነባሉ፣ ቀኑን ይቀይራሉ፣ መለያ ቁጥሩን ይፈትሻሉ፣ ይጽፋሉ። የሚለያዩት በሰንጠረዥና በዓምድ ስም፣ በቁልፍና በጥቂት ደንቦች ብቻ ነው።

አንድ ቀን «የስልክ ቁጥር ሁሉ በ251 ይጀምር» የሚል ውሳኔ ቢመጣ ስልክ ቁጥር ያለባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ በአንድ መከፈት አለባቸው። አንዱ ከተረሳ ሁለት ሪፖርቶች ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው አንድ ስብሰባ ላይ ይቀርባሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ዳታ ዌርሃውሱን ማመን ያቆማል።

መፍትሔው የሚለያየውን ነገር ከፕሮግራሙ ውስጥ አውጥቶ በሰንጠረዥ ላይ መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ይሆናል፤ ሁለት መቶው ልዩነት ደግሞ ሁለት መቶ ረድፍ ይሆናል። እነዚያ ረድፎች ሜታዳታ ናቸው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍልን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፣ ቀሪው በቢን ካርድ ይመዘገባል። ወረቀቶቹ ዕቃው ራሱ አይደሉም፤ ነገር ግን ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ማን እንደተረከበው የሚታወቀው በእነሱ ነው። ሜታዳታም ለመረጃ እንዲሁ ነው።

ሦስት ዓይነት መሆኑንም ልብ በሉ። ቴክኒካዊው ሜታዳታ የሰንጠረዡን ስም፣ የዓምዱን ዓይነትና ርዝመት፣ ቁልፉን ይናገራል። የሥራው ሜታዳታ ትርጉሙን ይናገራል፤ «ንቁ ደንበኛ» ማለት ማን ነው፣ ይህ ገንዘብ በብር ነው ወይስ በዶላር? የሂደቱ ሜታዳታ ደግሞ የተፈጸመውን ይመዘግባል፤ ጭነቱ መቼ ተጀመረ፣ ስንት ረድፍ ገባ፣ የት ላይ ቆመ? ሦስቱ አብረው ካልተያዙ ውህደቱ በራሱ ሊሄድ አይችልም።

አንደኛ ደረጃ፦ ያለውን መመዝገብ

ሥራው የሚጀምረው በየምንጩ ያለውን ሰንጠረዥ፣ ዓምድና በሰንጠረዦቹ መካከል ያለውን የቁልፍ ግንኙነት በመዘርዘር ነው። ደግነቱ ዳታቤዞች ይህን ዝርዝር ራሳቸው ይይዛሉ። የሪሌሽናል ዳታቤዝ መሠረት የጣለው ኤድጋር ኮድ በ1985 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ደንቦች አራተኛው፣ ዳታቤዝ ስለ ራሱ ያለውን መግለጫ እንደ ማንኛውም መረጃ በሰንጠረዥ አስቀምጦ በተለመደው ቋንቋ እንዲጠየቅ ማድረግ አለበት ይላል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስኪውኤል መስፈርት ይህን መግለጫ «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» በሚል ስም ደነገገው። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ይህ አላቸው፤ ኦራክል ደግሞ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ የራሱ ሰንጠረዦች አሉት። ስለዚህ አንድ አጭር ጥያቄ የሁሉንም ዓምዶች ስምና ዓይነት ያመጣልናል፤ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም።

ኤክሴል ግን እንዲህ ያለ መግለጫ የለውም። ለእሱ የፋይሉ ስም፣ የገጹ ስም፣ ርዕሶቹ ያሉበት ረድፍና የየዓምዱ ዓይነት በሰው እጅ መመዝገብ አለበት።

ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላ ይዘቱ ይፈተሻል። መግለጫው «ይህ ዓምድ እስከ 20 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ ነው» ይላል እንጂ ውስጡ ያለው ስልክ ቁጥር መሆኑን፣ አንዱ በ09፣ ሌላው በ07፣ ሦስተኛው በ+251 እንደሚጀምር አይነግረንም። ስለዚህ በየዓምዱ ስንት ባዶ ቦታ፣ ስንት የማይደጋገም ዋጋ፣ ትንሹና ትልቁ ምን እንደሆነ ቆጥረን ያንንም በሜታዳታው ላይ እናስቀምጣለን።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የመቆጣጠሪያ ሰንጠረዥ

አሁን ለእያንዳንዱ የምንጭ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ እንጽፋለን። የደንበኞችን ሰንጠረዥ እንውሰድ፦

ምንጭ፦ ኮር ባንኪንግ
የምንጭ ሰንጠረዥ፦ ደንበኛ
መድረሻ፦ የደንበኛ ዳይሜንሽን (በዳታ ዌርሃውሱ ውስጥ ደንበኞችን የሚገልጸው ሰንጠረዥ)
የአጫጫን ዓይነት፦ የተለወጠውን ብቻ
ለውጥ የሚያሳየው ዓምድ፦ መጨረሻ የተሻሻለበት ሰዓት
ቁልፍ፦ የደንበኛ ቁጥር
ድግግሞሽ፦ በየሌሊቱ
ባለቤት፦ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ሁኔታ፦ በሥራ ላይ

እያንዳንዱ መስመር ፕሮግራም አድራጊው በኮዱ ውስጥ ይቀብረው የነበረ ውሳኔ ነው። አሁን ግን ማንም ሊያነበው፣ ሊጠይቅበትና ሊያርመው ይችላል። «የአጫጫን ዓይነት» የሚለው በተለይ አስተውሎት ይጠይቃል። ትንሽ ሰንጠረዥ፣ ለምሳሌ የቅርንጫፎች ዝርዝር፣ በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ቢጫን ጉዳት የለውም። በሚሊዮን የሚቆጠር እንቅስቃሴ ያለበት ሰንጠረዥ ግን ካለፈው ጭነት ወዲህ የተለወጠው ብቻ መምጣት አለበት። «መጨረሻ የተሻሻለበት ሰዓት» የሚለው ዓምድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ከምንጩ የተሰረዘ ረድፍ ሰዓት አይተውም። ስለዚህ መሰረዝ በሚፈቀድበት ሰንጠረዥ ላይ ወይ የዳታቤዙን የለውጥ መዝገብ ማንበብ፣ ወይ በየጊዜው ቁልፎቹን ከሁለቱም ወገን ማመሳከር እንደሚያስፈልግ በዚሁ ረድፍ ላይ ይጻፋል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የዓምዶች ካርታና የደንቦች መዝገብ

የመቆጣጠሪያ ሰንጠረዡ ስለ ሰንጠረዦች ይናገራል። ቀጥሎ ስለ ዓምዶች እንጽፋለን፤ ይህ የምንጭ ዓምድ ወደዚያ የመድረሻ ዓምድ ይሂድ፣ በመንገዱም ላይ ይህ ደንብ ይፈጸምበት። ደንቦቹ ስም ይሰጣቸውና አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ፤ «የስልክ ማስተካከያ»፣ «የቀን መቀየሪያ»፣ «የምንዛሪ መቀየሪያ» እየተባሉ በየዓምዱ አጠገብ ይጠራሉ። የስልክ ደንብ ሲለወጥ የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

በሀገራችን የዚህን ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ቀን ነው። በብድር ክፍሉ ኤክሴል ላይ «05/01/2016» የሚል ተጽፏል እንበል። ጸሐፊው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ መስከረም 5 ቀን 2016 ነው፤ ይህም በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ይሆናል። በጎርጎርዮሳዊው ቀንን አስቀድሞ ከሆነ ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ነው፤ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ከሆነ ደግሞ ሜይ 1 ቀን 2016። ሦስቱም በትክክል ያሉ ቀኖች ስለሆኑ ኮምፒውተሩ አንዱንም ስሕተት ነው አይልም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ንባብ መካከል ግን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት አለ። በቅርብ የተሰጠ ብድር ለዓመታት ሳይከፈል የቆየ ይመስላል።

ጳጉሜን ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። «03/13/2015» ተብሎ የተጻፈ ቀን ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ነው፤ ማለትም ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023። የቀኑን አጻጻፍ በግምት የሚያነብ ፕሮግራም ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ማርች 13 ቀን 2015 ብሎ ይወስደዋል።

መድኃኒቱ አጭር ነው። በዚያ ዓምድ ሜታዳታ ላይ «አቆጣጠር፦ ኢትዮጵያ፤ ቅደም ተከተል፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት» ብሎ መጻፍ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አይገምትም፤ ደንቡን ይፈጽማል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «3:00» የተባለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሁን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሜታዳታው ካልነገረው ማሽኑ ሊያውቀው አይችልም። በዳታ ዌርሃውሱ ውስጥም የቀን ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ዕለት ሁለቱንም አቆጣጠር፣ እንዲሁም ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የመንግሥት በጀት ዓመት አብሮ ቢይዝ ማንኛውም ሪፖርት በፈለገው አቆጣጠር ይወጣል።

የሰው ስምም ደንብ ይፈልጋል። «ፀሐይ» በአንዱ ሲስተም «ጸሀይ» ተብላ ትገኛለች፤ «ኃይለ ሥላሴ» በሌላው «ሃይለስላሴ» ነው። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ደንብ እንጽፋለን። ነገር ግን ደንቡ «ለማመሳሰያ ብቻ» የሚል ምልክት ይደረግበት። ደንበኛው ስሙን የጻፈበት ፊደል እንዳለ ተቀምጦ በደብዳቤና በደረሰኝ ላይ መታየት ያለበት እሱ ነው። የስም መመሳሰልም ብቻውን አንድ ሰው መሆንን አያረጋግጥም፤ የስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን ወይም የፋይዳ ቁጥር ሊደግፈው ይገባል።

አራተኛ ደረጃ፦ ሜታዳታውን የሚያነብ አንድ ፕሮግራም

እስካሁን የጻፍነው መግለጫ ነው። አሁን የሚያስፈጽም እንጨምራለን። ይህ ፕሮግራም ከመቆጣጠሪያ ሰንጠረዡ አንድ ረድፍ ያነሣል፣ የዚያን ሰንጠረዥ የዓምዶች ካርታ ያነባል፣ ከሁለቱም የኤስኪውኤል ትእዛዝ ራሱ አዘጋጅቶ ያስፈጽማል። ለደንበኛ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጀው ትእዛዝ በሰው ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው፦ «ከኮር ባንኪንግ ደንበኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ባለፈው ጭነት ከደረስንበት ሰዓት ወዲህ የተሻሻሉትን ረድፎች ውሰድ፤ ስልኩን በስልክ ማስተካከያ፣ የትውልድ ቀኑን በቀን መቀየሪያ አሳልፍ፤ የደንበኛ ቁጥሩ መድረሻው ላይ ካለ አሻሽል፣ ከሌለ አዲስ ረድፍ ጨምር።» ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሲያልፍ ስሞቹና ደንቦቹ ይለወጣሉ፤ ፕሮግራሙ ግን ያው ነው። አዲስ ሰንጠረዥ ማስገባት ማለት ረድፍ መጻፍ ማለት ይሆናል።

«ካለ አሻሽል፣ ከሌለ ጨምር» የሚለው በከንቱ አልገባም። ሌሊት መብራት ቢጠፋና ጭነቱ ከመሐል ቢቋረጥ፣ ጠዋት እንደገና ሲጀመር አንድም ረድፍ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ይህን ለመሥራት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በፓይተን ወይም በዳታቤዙ ውስጥ በሚጻፍ ፕሮሲጀር ይሠራል። በ2014 እ.ኤ.አ. በኤርቢኤንቢ የተጀመረው ነፃው ኤርፍሎው የሥራ ቅደም ተከተልን ከእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ እያነበበ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ይቻላል፤ የማይክሮሶፍቱ አዙር ዳታ ፋክተሪም ዝርዝር አንብቦ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዓይነት ሥራ የሚደግም ክፍል አለው።

አንድ የጥንቃቄ ቃል። ትእዛዙ የሚዘጋጀው ከሰንጠረዡ ስለሆነ፣ በመቆጣጠሪያ ሰንጠረዡ ላይ መጻፍ የቻለ ሰው ዳታ ዌርሃውሱን ማዘዝ ቻለ ማለት ነው። ስለዚህ የመጻፍ ፈቃድ ለጥቂቶች ብቻ ይሰጥ፤ ፕሮግራሙም በአንደኛው ደረጃ በተመዘገበው ዝርዝር ውስጥ የሌለ የሰንጠረዥ ወይም የዓምድ ስም አይቀበል። የይለፍ ቃል በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ፈጽሞ አይጻፍ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ቅደም ተከተል

የደንበኛ መረጃ ሳይገባ የደንበኛው ብድር ቢገባ ባለቤት የሌለው ብድር ይሆናል። ማን ማንን እንደሚከተል በእጅ መቁጠር ግን አያስፈልግም። በመጀመሪያው ደረጃ የመዘገብናቸው የቁልፍ ግንኙነቶች የትኛው ሰንጠረዥ በየትኛው ላይ እንደሚደገፍ ይናገራሉ። ፕሮግራሙ በማንም ላይ የማይደገፉትን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ በእነሱ ላይ ብቻ የሚደገፉትን እያለ ይሄዳል፤ እርስ በርስ የማይነካኩትንም ጎን ለጎን ይጭናል። ሁለት ሰንጠረዦች አንዱ በሌላው ላይ በክብ ተደግፈው ካገኛቸው ቆሞ ያሳውቃል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ታሪክን መጠበቅ

አንድ ደንበኛ ከባሕር ዳር ቅርንጫፍ ወደ አዳማ ቅርንጫፍ ተዛወረ። አሮጌውን አጥፍተን በአዲሱ ከተካነው ያምናው የባሕር ዳር ሪፖርት ዛሬ ሲወጣ ሌላ ቁጥር ያሳያል። የስልክ ቁጥሩ ሲለወጥ ግን አሮጌውን መያዝ ላያስፈልግ ይችላል። ይህም ውሳኔ በዓምዱ ሜታዳታ ላይ ይጻፋል፤ «ተካ» ወይም «ታሪክ ያዝ»። «ታሪክ ያዝ» በተባለው ዓምድ ላይ ለውጥ ሲመጣ ፕሮግራሙ የድሮውን ረድፍ ማብቂያ ቀን ሰጥቶ ይዘጋውና መጀመሪያ ቀን ያለው አዲስ ረድፍ ይከፍታል። በ1996 እ.ኤ.አ. ታዋቂ መጽሐፉን ያሳተመው ራልፍ ኪምባል «ዓይነት ሁለት» ብሎ ያስተማረው ዘዴ ይህ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የጭነት መዝገብና ማመሳከሪያ

እያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ይሰጠው። መቼ ተጀመረ፣ መቼ አለቀ፣ ከምንጩ ስንት ረድፍ ተነበበ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ተሻሻለ፣ ስንት ውድቅ ሆነ፣ ለምን? የተነበበው ከሦስቱ ድምር ጋር መመሳከር አለበት። በገንዘብ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ የረድፍ ብዛት ብቻ አይበቃም፤ የብሩም ድምር ከምንጩ ጋር እኩል መሆን አለበት። «እስከዚህ ሰዓት ደርሰናል» የሚለው ምልክት ወደፊት የሚሄደው ይህ ሁሉ ከተመሳከረ በኋላ ብቻ ነው። ምልክቱም ከዳታ ዌርሃውሱ ሰዓት ሳይሆን ከተነበበው መረጃ ውስጥ ካለው የመጨረሻ ሰዓት ይወሰድ፤ የሁለት ሰርቨር ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ቢለያይ በመካከል የሚቀር ረድፍ ይኖራልና።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ምንጩ ሲለወጥ

ኮር ባንኪንጉ ይታደሳል፤ ዓምድ ይጨመራል፣ ስም ይለወጣል። በእጅ የተጻፈ ፕሮግራም ይህን የሚያውቀው ሌሊት ሲወድቅ ነው። እኛ ግን የትናንቱን ዝርዝር ስለያዝን ከጭነቱ በፊት ከዛሬው ጋር እናስተያየዋለን። ምን መደረግ እንዳለበትም አስቀድመን በደንብ እንጽፋለን፦ አዲስ ዓምድ ከመጣ መዝግቦ ባለቤቱን ማሳወቅ፤ የዓምድ ርዝመት ከሰፋ መድረሻውንም ማስፋት፤ ቁልፍ የሆነ ዓምድ ከጠፋ ወይም ዓይነቱ ከተለወጠ የዚያን ሰንጠረዥ ጭነት ማቆም።

ይኸው ካርታ ወደ ኋላም ይነበባል። አንድ ኃላፊ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲል ከሪፖርቱ ተነሥተን በየትኛው ደንብ አልፎ፣ ከየትኛው ሲስተም፣ ከየትኛው ዓምድ እንደመጣ ማሳየት እንችላለን። ለኦዲተርም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ማሽኑ የማይወስነው

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ትርጉምን የሚወስነው ሰው ነው። ለቁጠባ ክፍሉ ንቁ ደንበኛ ሒሳቡ ያልተዘጋ ሁሉ ነው፤ ለሞባይል አገልግሎቱ ደግሞ በቅርብ ጊዜ ግብይት የፈጸመ ብቻ። የትኛው በሪፖርቱ ላይ እንደሚወጣ የሁለቱ ክፍል ኃላፊዎች ተቀምጠው መስማማት አለባቸው። ሜታዳታው ስምምነታቸውን ይጽፋል፣ ያስፈጽማል፤ በእነሱ ፈንታ ግን አይስማማም።

ኃይሉ ብዙ የሆነ ነገር ጥፋቱም ብዙ ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ስሕተት አንድ ሰንጠረዥ ያበላሻል፤ በደንብ መዝገቡ ላይ የተጻፈ ስሕተት ግን ደንቡን የሚጠሩትን ሰንጠረዦች ሁሉ በአንድ ሌሊት ያበላሻል። ስለዚህ ሜታዳታ እንደ ኮድ ይያዝ፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይመዝገብ፣ ለውጡን ሁለተኛ ሰው ይየው፣ በቅጂ ላይ ሳይሞከር ወደ ሥራ አይግባ።

ለመጀመር የምታስቡ አንባቢዎች ሁለት መቶውን ሰንጠረዥ በአንድ ጊዜ አትንኩ። አንድ ምንጭና አምስት ሰንጠረዥ ምረጡ፤ መግለጫውን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ባለቤት ስጡት፤ ፕሮግራሙን በእነሱ ላይ አጽኑት፤ ስድስተኛውን ሰንጠረዥ ኮድ ሳትነኩ ረድፍ በመጨመር ብቻ ማስገባት ከቻላችሁ መሠረቱ ቆሟል። መሣሪያ ከመግዛታችሁና ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ግን መረጃችሁን የሚያውቁትን ሰዎች ጠይቃችሁ የሚያውቁትን በጽሑፍ አስቀምጡ። ያልተጻፈ ዕውቀት ሠራተኛው ሲለቅ አብሮ ይለቃል፤ ያልተጻፈ ደንብንም ማሽን ሊፈጽመው አይችልም።